የስም ጥሪ በውሃ ዋጭ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋና ሲመለስ መጀመሪያ ቧንቧው ይተነፍሳል። የአፈርና የዝገት ሽታ ያለው ረጅም ቀዝቃዛ አየር ይለቃል። ጎረቤቶቼ ይህን ድምፅ ሲሰሙ ባልዲና ጀሪካን ይዘው ይሯሯጣሉ። እኔ ደግሞ ከወንበር ላይ ለመነሳት ሦስቴ ስላሴን የምጠራ ጡረተኛ ሆኜ ሳለ፣ በዚያች ሰዓት ጉልበቱን ከየት እንደማመጣው አላውቅም፣ ከወጥ ቤት ወጥቼ በረንዳ ላይ እቆማለሁ። ትንፋሹ አልቆ ውሃው መንዶቅዶቅ እስኪጀምር አልመለስም። ልጄ "እማዬ ደግሞ ቧንቧ ትፈራለች" እያለች ታሾፍብኛለች። ትሹፍ፣ ደግ አደረገች። ባለፈው ሳምንት ግን አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የለበሰች ሴት ክንዴን ያዝ አድርጋ "ቲቸር ስንዱ፣ ብርቅነሽ ነኝ" አለችኝ። ፀጉሯ ከእኔ ይልቅ ሸብቷል። ያቺ የስምንተኛ ክፍል ልጅ መሆኗን ለማመን ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ። ስላገባችው ባል፣ ስለወለደቻቸው ልጆች፣ ስለ ቀየት ገበያ አወራን። ስለዚያ ቀን ግን አንዳችንም አላነሳንም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የዛሬን አያድርገውና ያኔ እግሬ ነፋስ ነበር። ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ የሚታደልበት፣ ባልና ሚስት እንኳ ስብሰባ ላይ ጓድ የሚባባሉበት፣ አንድ ኮንጎ ጫማ ሁለት ወንድማማቾችን በፈረቃ የሚያስተምርበት ጊዜ ነበር። ከመምህራን ማሰልጠኛ እንደወጣሁ መንዝ ደረሰኝ፤ ፍሬኑ ግማሹን በሹፌሩ እግር፣ ግማሹን በተሳፋሪው ስለት በሚሠራ አውቶቡስ መሐል ሜዳ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱ ድረስ በእግር ነው። የለበስኩት ቴትሮን ቀሚስ፣ ያደረግሁት ባለ ተረከዝ ጫማ፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው ዞር ብሎ ያየኝ የነበረበት ልብስ ነው። የመንዝ ብርድ ግን ለቴትሮን ክብር የለውም። በመጀመሪያው የገበያ ቀን የበግ ጠጉር ባና በአሥራ ስምንት ብር ገዛሁና ቀሚሴን ከእነ ኩራቴ ሻንጣ ውስጥ ቆለፍኩበት። በአንድ ብር ስምንት እንቁላል ይሰጡኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የቀበሌው ኪነት ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ከበሮውን ሲደልቅ ይውላል፤ እኔም መስኮቴን ዘግቼ ደብተር እያረምኩ፣ ሳላውቀው በእግሬ ምቱን እከተላለሁ። ዛሬ ያንን ከበሮ ቢያሰሙኝ አለቅሳለሁ መሰለኝ። ዘመኑን ወድጄው አልነበረም፤ በዘመኑ ውስጥ የነበረችውን ልጅ ግን እወዳታለሁ፣ እታዘባታለሁም።

የማስተምረው ጂኦግራፊ ነበር። ልጆቹ የቮልጋን ወንዝ ርዝመት በቃላቸው ይወጡታል፤ አንዳቸውም ጀልባ አይተው አያውቁም። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ፣ ዛሬ ጠዋት የጠጣችሁት ውሃ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ አንዱ "ከእንስራው" አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ግን ከእንስራው ወዲያ ያለውን አሟልቶ የሚናገር ጠፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየዓርቡ ይዣቸው እወጣ ነበር። ምንጭ እንቆጥራለን፣ የመስኖ ቦይ ተከትለን እንወርዳለን፣ የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ እየጠየቅን ደብተር ላይ ካርታ እንስላለን። ከመንደሮቹ በላይ ወዳለው የሣር ሜዳ፣ ጓሳ፣ ወጥተን ሣሩን ስንረግጠው በበጋ እንኳ እግራችን ሥር ውሃ ያዥ ነበር። የድሮ አባቶች ጓሳን ለዓመታት ዘግተው፣ በቀጠሮ ከፍተው ሣር ያሳጭዱ እንደነበር የነገሩኝ ልጆቹ ናቸው፤ በእኛ ጊዜ የድሮ ሕግ ሁሉ የአድኃሪ ሕግ ስለተባለ ማጭድ ያለው ሁሉ ይገባ ነበር። አንድ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ "ሰርጎ ገብ ውሃ" ብዬ በመጻፌ ቢሮ ተጠርቻለሁ። በዚያ ዘመን ሰርጎ ገብ የሚባለው ጠላት ብቻ ስለነበር ውሃው የየትኛው ድርጅት አባል እንደሆነ ላስረዳ ምንም አልቀረኝ።

ከምንሄድባቸው ቦታዎች ሁሉ የምወደው ታች አምባን ነበር። መንደሩ ከጓሳ አፋፍ ሥር፣ የገደሉ ወገብ ላይ የተቀመጠ ነው። ከዓለቱ ሥር አንድ ምንጭ ይወጣል፤ ሰዉ የሚጠጣው፣ በበጋም ሽንኩርቱንና ስንዴውን የሚያጠጣው ከዚያው ነው። ውሃውን በተራ የሚያካፍሉት አቶ አጎናፍር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሹመቱ የውሃ አባት ይባላል፣ ከአባታቸው የወረሱት ነው። ሰዓት የላቸውም። ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይቆሙና የጥላቸውን ጫፍ በዓይናቸው ይዘው በጫማቸው ይለኩታል። ጥላቸው ዘጠኝ ጫማ ሲሆን የላይኛው ቦይ ይዘጋል፣ የታችኛው ይከፈታል፤ ክርክር የለም። አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ባለ ተራውን ሲጠሩ "ባለ ወይራው ማሳ፣ ባለ ካቡ ማሳ" ይላሉ እንጂ የሰው ስም ካፋቸው አይወጣም። ለምን ብላቸው ውሃ ላይ ስሙ የተጠራ ሰው በሕይወት ቆሞ አይሄድም አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። ተማሪዎቼ አልሳቁም።

ከታች አምባ ቀጥ ብሎ ከላይ፣ የጓሳ ሣር አልቆ ገደሉ ሊጀምር ሲል፣ ውሃ ዋጭ የሚባል ጉድጓድ አለ። በእግር ዞሮ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከጓሳ የሚወርድ ጅረት ይመጣና ሳይፏፏት፣ ሳይጮህ፣ ድንጋይ ሥር ጭልጥ ብሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢያንስ እንዲያ ይባል ነበር። ከብት አይቀርበውም። ጠዋት ጠዋት ሞቅ ያለ ጉም ይተነፍሳል። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ወደ ውስጥ ይስባል፤ አንድ ጊዜ የያዝኩትን ወረቀት ከጣቶቼ መሐል ነጥቆ ወስዶብኛል። ሲስብ የሚያሰማው ድምፅ፣ የደከመው ሰው ጋደም ሲል እንደሚያሰማው "እህ" ያለ ነው። እዚያ ስንደርስ የሚጯጯሁት ልጆቼ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔም ሳላስበው አብሬ ዝቅ አደርግ ነበር።

የላይ አምባ ገበሬ ማህበር ሊቀመንበር አቶ ግዛቸው የዓርቡን ጉዟችንን ሰምተው አንድ ቀን በበቅሎ ትምህርት ቤት መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። በበጋ የመንደራቸው ከብት ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይነዳል፤ ያንን ሲናገሩ ዓይናቸው ይቀላ ነበር። የፈለጉት ጥናት ነው። በውሃ ዋጭ የሚገባው ውሃ የት እንደሚወጣ ይታወቅላቸው፤ ታች አምባ ከሆነ የሚወጣው፣ እነዚያ ከምርታቸው ያካፍሏቸው፣ እምቢ ካሉ አፉን በድንጋይና በጭቃ ይደፍኑታል። እኔ የሰማሁት "ጥናት" የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። በሃያ አራት ዓመት ጥናት የሚባል ነገር ልብ ያሞቃል። እሺ አልኩ።

ዘዴው ቀላል ነው። ጥር ስለነበር አውድማው ሁሉ ገለባ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ጆንያ የገብስ እብቅ መጨመር፣ ከዚያ በየትኛው ምንጭ እንደሚወጣ መጠበቅ። ከታች አምባ የሚመጡትን ልጆች፣ ብርቅነሽን ጨምሮ፣ በገዛ መንደራቸው ምንጭ ላይ መደብኩ። ሌሎቹን ደግሞ ከጎን ባለው ጥልቅ ገደል ውስጥ፣ ማንም በማያርስበት ቦታ ያለው ምንጭ ላይ። እኔና የቀሩት ላይ እንሆናለን። ሰዓት ያለችኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ አቶ አጎናፍርን ለምኜ ልጆቹን ጥላ መለካት አስተማሩልኝ። ትዕግሥተኛ ነበሩ። ሲጨርሱ እብቁን መቼ እንደምጨምር ጠየቁኝ፤ ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ፣ ጥላ አራት ጫማ ሲሆን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ውሃ ዋጭ ይስብ ነበር። አፋፉ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ይዤ ስቆም ፍርሃት ያዘኝ፤ አንዱ ቢንሸራተት ምን እላለሁ? ስለዚህ እብቁን ከመጨመሬ በፊት መዝገቤን አውጥቼ ስም መጥራት ጀመርኩ፤ ታች ያሉትን ሳልለይ፣ እንደ ልማዴ ከላይ እስከ ታች። የመጀመሪያዋን ጠራሁ፤ መልስ የለም። አጠገቤ ቆማ እጇን ብቻ አወጣች። አፍ የላችሁም ወይ ብዬ ተቆጣሁ። አንዱ ተጠግቶኝ፣ ቲቸር እዚህ ስም አይጠራም ብሎ አንሾካሾከ። እልኸኛ ነበርኩ፤ ለእነሱ ብዬ ፍርሃታቸውን የምሰብር መስሎኝ ጭራሽ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ስሙን ከነአባቱ እጠራለሁ፣ ላይ ያለ ከሆነ አንድ እጅ ይወጣል፣ ከንፈር ሁሉ ግጥም ያለ ነው። ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ስለሚስብ እያንዳንዱ ስም ከአፌ ሳይሆን ከጥርሴ ላይ የሚለቀም ይመስለኝ ነበር። ጌታሁን አርጋው ጋ ስደርስ እሱንም ጠራሁት። ጌታሁን ኅዳር ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል፤ ስሙን ሰርዢ ያለኝ ስለሌለ በየቀኑ እጠራው ነበር፣ ክፍል ውስጥ ልጆቹ በአንድ ድምፅ "ዘምቷል" ይሉኛል። ያን ቀን ዘምቷል ያለኝም አልነበረም። እጅም አልወጣም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከሌሎቹ ይልቅ ለእሱ ረዘም አድርጌ ጠበቅሁ። ከዚያ የቀሪ ምልክት አደረግሁና ቀጠልኩ። ጆንያውን ስንገለብጠው እብቁ ውሃውን ሳይነካ በአየሩ ተስቦ ገባ።

ሰኞ ጠዋት የገደሉ ምንጭ ጠባቂዎች እብቅ ወጣ ብለው በጨርቅ ቋጥረው አመጡልኝ። ክፍሉ አጨበጨበ። ስንት ጫማ ላይ ነበር ስላቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘጠኝ ጫማ ላይ አሉ። እኔ የጨመርኩት ቀትር ላይ በአራት ጫማ ነው። እብቁ ገና ሳይገባ ወጣ ማለት ነው። ጭብጨባው ቀስ እያለ ሞተ፤ ሁሉም ያዩት እኔን ነበር። ቋጠሮውን ፈታሁት። ገበሬ አይደለሁም፤ ግን ያ የስንዴ እብቅ መሆኑን እኔ እንኳ ለየሁት፣ እነሱማ ገና ሲያዩት አውቀውት ነበር። በዕረፍት ሰዓት ብርቅነሽ ብቻዋን ቀረች። የሁላችንም ስም ከምንጩ ወጣ አለችኝ። ከዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ፣ በእኔ ድምፅ፣ አንድ በአንድ። የጌታሁን እናት እማማ የሺ ውሃ ሊቀዱ መጥተው እዚያው ነበሩ። የልጃቸው ስም ሲመጣ እንስራው ከጀርባቸው ወርዶ ተሰበረ። "ከዚያ ደግሞ…" አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ምን ልትል እንደነበር አልጠየቅኋትም። ታች አምባ እሑድ ጠዋት ለቅሶ መቀመጡን ግን ነገረችኝ።

ቋጠሮውን ይዤ አቶ አጎናፍር ዘንድ ወረድኩ። አልካዱም። ስንዴው የራሳቸው ነው፤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ገደል ገብተው የምንጩ ስንጥቅ ውስጥ ጠቅጥቀውታል። የእኔ ገብስ ቅዳሜ ማታ በእነሱ ምንጭ ወጥቷል፤ ወንፊት ይዘው እሑድን ሙሉ ሲያጠልሉ ነው የዋሉት። ምንጩ ላይ የነበሩትን ልጆች በመስቀል አስምለዋቸዋል። "አባቴም ያውቅ ነበር፣ አያቴም" አሉኝ። "ጉሮሮህ የት እንዳለ ለጎረቤት አይነገርም።"

እማማ የሺስ ታዲያ አልኳቸው። የጠራሁት እኔ መሆኔን ሄጄ ልነግራቸው እንደሆነ፣ በሕይወት ላለ ልጅ ሲለቀስ ዝም ማለት እንደማልችል ነገርኳቸው።  ከዚያ፣ "ንገሪያት" አሉ። "ሐዘን ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ደስታ ግን ጎረቤት ይጠራል። ዛሬ እንባዋን ብትጠርግ ነገ ለምን ጠረግሽ ይሏታል። እሷ ስትመልስ ግዛቸው ይሰማል። ውሃውን የጠበቅሁት እኔ ነኝ፣ ስሙን የጠራሽው አንቺ ነሽ። የቀረውን አንቺ እወቂው፣ ልጄ።"

አወቅሁበት እንግዲህ። ውሃ ዋጭ የሚገባው ውሃ በገደሉ ምንጭ በኩል ይወጣል ብዬ፣ ካርቦን ከሥሩ አድርጌ፣ በሦስት ቅጂ ጻፍኩ። አቶ ግዛቸው አንብበው ተከዙ፤ ስለ ድካሜም ብለው አንድ የበግ አጎዛ ሰጡኝ። የታች አምባ ሰው ጠጣ፣ ሽንኩርቱም በቀለ። እኔም ከመምህራኑ ጋር ለቅሶ ደረስኩ። ሬሳ ስለሌለ የጌታሁንን ካኪ ኮትና ሱሪ ለቅሶ በሚወረድበት ደልዳላ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ደብተሩን ኮቱ ደረት ላይ አስቀምጠውት ነበር። ከላይ ያለው የጂኦግራፊ ደብተር ነው፣ እርማቱ የእኔ ቀይ እስክሪብቶ። አልቃሿ መሬት አፍ አውጥታ ጠራችህ እያለች ስታወርድ ሰው ሁሉ ደረቱን መታ፤ እኔም መታሁ። ስንት ጊዜ ተነስቼ ልናገር እንደነበርና ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ እግዚአብሔር ይቁጠረው። ያን ሰሞን ክፍል ገብቼ ስም መጥራት አቃተኝ፤ በእጅ ምልክት ብቻ እቆጥራቸው ነበር። ልጆቹም ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

ዛሬ ጓሳ እንደገና ተከብሯል፣ ከውጭ አገር ሳይቀር ሰው መጥቶ ያየዋል ይላሉ። ደስ ይለኛል። መናኸሪያው አጠገብ ብርቅነሽን ጌታሁን ተመለሰ ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅኋት፤ አልተመለሰም፣ ወረቀቱ በዓመቱ መጣ አለችኝ። በየትኛው ቀን ሞተ ይላል ልላት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ቀኑን የምታውቀው ይመስለኛል፤ እንዳልጠይቃት ፈጥና ሌላ ወሬ ጀመረች።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ሰኔ ላይ ዝውውሬ ሲመጣ፣ ከመሄዴ በፊት ታች አምባ ወረድኩ። ይህን ተሸክሜ ከዚያ አገር ብወጣ እድሜዬን ሙሉ ሰው እንደማልሆን ገብቶኝ ነበር፤ ውሃው ቢቀርም ይቅር ብዬ ቆርጬ ነው የሄድኩት። እማማ የሺ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። ፀጉራቸው ተላጭቷል፣ ቀሚሳቸው ጥቁር ነው። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጉድጓዱን፣ መዝገቡን፣ የስንዴውን እብቅ፣ የጻፍኩትን ውሸት። ድምፁ የእኔ ነው፣ መሬት አልጠራውም፣ ልጅዎ በሕይወት ሊኖር ይችላል አልኳቸው። እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው ክሩን አላቋረጡም።

"የአንቺንማ ድምፅ እዚያው ነው ያወቅሁት፣ ልጄ" አሉ። "ከነአባቱ ስትጠሪው አስተማሪቱ ናት አልኩ። ስሙ ስለተጠራ ልጅ ይለቀሳል እንዴ።"

ታዲያ ለምን አልኳቸው።

"አቤት አለሽ እኮ።"

ያን ቀን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አንድም ልጅ አፉን እንዳልከፈተ፣ ሁሉም እጁን ብቻ እንዳወጣ፣ ለጌታሁን ስም ደግሞ እጅ እንኳ እንዳልወጣ ነገርኳቸው። እየደጋገምኩ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝና፣ "ላይ ሆነሽ አልሰማሽውም?" አሉኝ።

አልሰማሁም አልኳቸው። በመዳፋቸው ጉንጬን ዳሰሱ፤ አዘኑልኝ።